ጣራ ገዳምና የነብር መሻገሪያ

ከወረታ ወደ ጎንደር ሲኬድ በግራ በኩል የፎገራ ሜዳ እስከ ጣና ተዘርግቷል። ዓይን እስኪደክም ሩዝ ነው፤ አውሬ የሚሸሸግበት ቁጥቋጦ አይታይም። አዲስ ዘመን ደርሼ ወደ ጣራ ገዳም ሽቅብ ስወጣ ግን ወይራው፣ አጋሙና ቀጋው አንድ ላይ ተቀበሉኝ።

እኔ የባሌ ሰው ነኝ። ሐረና ጫካችን ውስጥ ዛሬም አንበሳ ስላለ፣ ደን ስገባ አስቀድሜ የምጠይቀው ስለ አውሬው ነው።

«አባ፣ ነብር አለ?» አልኳቸው፣ ደጀ ሰላሙ አጠገብ ያገኘኋቸውን መነኩሴ።

«እረኞች ዱካውን አየን ይላሉ። እኔ በዓይኔ ካየሁት ግን ስንት ዘመኑ! ከዚህ ወጥቶስ ልጄ፣ የት ይሄዳል?»

ጥያቄያቸው እውነት ነው። ደኑ 875 ሄክታር ያህል ነው፤ ዘጠኝ ካሬ ኪሎ ሜትር አይሞላም። ለዚህ አገር ትልቅ ደን ቢሆንም የአንድ ወንድ ነብር ግዛት ብዙ ጊዜ ከዚህ ይሰፋል። ድኩላ ሲያጣ ፍየል ፍለጋ ይወርዳል፤ ከወረደ ደግሞ ዱላና መርዝ ይጠብቀዋል። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ነብር በዓለም ላይ ከቀድሞ መኖሪያው እስከ ሦስት አራተኛውን እንዳጣ አሳይቷል።

ደቡብ ጎንደር ከ1,000 በላይ የቤተ ክርስቲያን ደኖች አሉት፤ አብዛኞቹ ጥቂት ሄክታር ናቸው። የደን ተመራማሪው ዶክተር አለማየሁ ዋሴ ከካህናቱና ከምእመናኑ ጋር ሆነው ደኖቹ በድንጋይ ካብ እንዲከበሩ ደክመዋል። ከብት የማይገባበት ደን ችግኙ ያድጋል። ሥራውን ከልቤ አከብራለሁ፤ ሆኖም ካብ ዛፍን ይጠብቃል እንጂ ነብርን ከአንዱ ደን ወደ ሌላው አያሻግርም።

በዚሁ ክልል፣ ቋራ በረሃ ውስጥ፣ አልጣሽ አለ። ከብዙዎች የአንበሳ ካርታ ተረስቶ የነበረው ይህ ፓርክ አንበሶች እንዳሉት በ2016 እ.ኤ.አ. በካሜራ ተረጋግጦ ይፋ ሆነ። አልጣሽ ከሱዳኑ ዲንደር ፓርክ ጋር የተያያዘ ነው፤ አንበሳው የሚሻገርበት አለው።

ለጣራ ገዳምም መሻገሪያ ማበጀት ይቻላል ብዬ አምናለሁ። ለማረሻ የማይመቹት ገደላገደሎችና የወንዝ ዳሮች በአገር በቀል ዛፍ ቢሸፈኑ ደን ከደን ይገጥማል። ከዚያ በፊት ግን ፍየሉ የተበላችበት ገበሬ ካሳ ማግኘት አለበት። ፍየሏ ለእሱ የልጁ ደብተርና ጫማ ናት፤ ያለ ካሳ ነብሩን ታገሥ ልለው አልችልም።