የእማዬ ክረምት

ልጄ ዘንድሮ ሦስተኛ ክፍል ገብታለች። መስከረም ላይ ትምህርት እንደተጀመረ ያመጣችው የመጀመሪያ የአማርኛ የቤት ሥራ እኛም በጊዜያችን የጻፍነው ያው የድሮው ነው፤ «ክረምቱን እንዴት አሳለፍኩ?» ግማሽ ገጽ። ደብተሯን ዘርግታ እርሳሷን እያኘከች ብዙ ተቀመጠች። ጠዋት የክረምት ትምህርት፣ ከሰዓት ቴሌቪዥን፣ ቅዳሜ ዘመድ ቤት። በሦስት መስመር አለቀባት።

«እማ፣ አንቺስ ልጅ ሆነሽ ክረምት ምን ታደርጊ ነበር?»

ይህን ጥያቄ ስጠብቅ የኖርኩ ይመስል ሥራዬን ትቼ አጠገቧ ቁጭ አልኩ። እማዬ ሶፋው ጥግ ላይ ሆና ምስር ትለቅማለች። እኔ ስለ ልጅነታችን ክረምት ማውራት ስጀምር እሷ ሁልጊዜ ዝም ትላለች። አትቃወምም፣ አትጨምርም። ለብዙ ዓመታት እርጅና ወይም ድካም ይመስለኝ ነበር።

ያደግነው ቀበና፣ ወንዙ ዳር ነው። ባሕረ ሐሳቡ ክረምትን ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ይቆጥረዋል። ለእኛ ግን ክረምት የሚገባው ሰኔ 30 ነበር፤ ካርድ የምንቀበልበት፣ ዓመቱን ሙሉ «ሰኔ ሠላሳ እንገናኝ!» እየተባባሉ የዛቱ ልጆች በር ላይ የሚጠባበቁበት ቀን። ወንድም ጋሼ በየዓመቱ ቢያንስ አንድ ቀጠሮ ነበረው። ካርዱን በፌስታል ጠቅልሎ ለእኔ ይሰጠኝና፣ ሸሚዙን አውልቆ፣ ተደባድቦ፣ ታርቆ ይመጣል። ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ከምናምን የእኛ ነው።

ቤታችን ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ። ማድ ቤቱ ከኋላ፣ በወንዙ በኩል ተለጥፎ የተሠራ። የቆርቆሮ ቤት ያላደገ ሰው የሐምሌን ዝናብ አውቃለሁ ቢለኝ አላምነውም። መጀመሪያ አንድ ሁለት ጠብታ፣ እንደ ጠጠር፤ ከዚያ አፍ ለአፍ ገጥመን ብንጮህ እንኳ አንሰማማም። እማዬ በጋውን ሙሉ የምስማሩን ቀዳዳ በጨርቅና በሬንጅ ስትደፍን ብትከርምም ሐምሌ የራሱን አዲስ ቀዳዳ ያገኛል። ሳፋው መሐል ወለሉ ላይ፣ ባልዲው በሩ ጋ፣ ትንሿ ድስት አልጋው ራስጌ። ሦስቱም የተለያየ ድምፅ አላቸው። ታናሿ እህታችን፣ ሚጡ፣ ከድስቷ ጋር «ጢን» እያለች እንቅልፍ ይወስዳት ነበር።

ደግሞ ሽታው። የእኔ ክረምት የሚሸተው ባሕር ዛፍ ነው። ከእንጦጦ ሴቶች ተሸክመው የሚያወርዱትን ቅጠል እማዬ ገዝታ አልጋችን ሥር ትጠቀጥቀዋለች። ከላይ ሦስታችን፣ ከሥር ቅጠሉ። በተገላበጥን ቁጥር ይንኮሻኮሻል፣ ሽታው ወደ ላይ ይመጣል። ዛሬም አንድ ሰው ጉንፋን ይዞት ባሕር ዛፍ ሲታጠን ከሸተተኝ፣ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ ውጭ ይዘንባል፣ ነገ ትምህርት የለም።

በቆሎ እሸት ሲደርስ እማዬ ማታ ማታ ከሰል ላይ ትጠብስልን ነበር። በፍልሰታ ነጠላ አጣፍተን፣ ሳንበላ፣ በጭቃው ውስጥ እየተንሸራተትን ለቁርባን እንሄዳለን። ኮንጎ ጫማዬ አንዱ እግር ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ቀርቶ በባዶ እግሬ ቅዳሴ የቆምኩበትን ቀን እህቴ እስከ ዛሬ ትስቅብኛለች። ቡሄ ሲመጣ ወንድም ጋሼ ጅራፉን ገምዶ፣ ዱላውን ልጦ፣ ሆያ ሆዬ ይወጣል። እኔን ግን «ሴት ልጅ ሆያ ሆዬ አትልም፣ አንቺ እንቁጣጣሽን ጠብቂ» ብሎ ይመልሰኛል። አንድ ዓመት ኮቱን ለብሼ፣ ኮፍያ ደፍቼ ከኋላ ተቀላቀልኩ። ሦስተኛው ቤት ላይ ነቁብኝ። ቢሆንም የድርሻዬን ሙልሙል ተቀብያለሁ።

ይህን ሁሉ ለልጄ ነገርኳት። የፈረሱን ጨዋታ ግን ለመጨረሻ ነው ያቆየሁት፤ ከሁሉም የምወደው እሱ ነዋ።

ቀኑን በትክክል የማውቀው በደራርቱ ቱሉ ነው። ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. ምሽት፣ የፍልሰታ ጾም የገባ ዕለት። ከሰዓት ጀምሮ ሳያባራ ዘነበ። መብራት ሄደ። ወንዙ በጋ ላይ ልጅ የሚዘለው፣ ልብስ የሚታጠብበት ነገር ነው፤ ያን ምሽት ግን ድምፁ ከቆርቆሮው ድምፅ በልጦ ይሰማ ነበር። እማዬ በሩን ከፍታ በባትሪ አየች። ዘጋችው። ጥቂት ቆይታ ደግሞ ከፍታ አየች። ከዚያ ሦስታችንንም አንድ አልጋ ላይ አስወጣችንና መቀነቷን ፈታች። ረጅም ነው መቀነቷ። አንዱን ጫፍ የሚጡ ወገብ ላይ አሰረችው፣ መሐሉን የእኔ አንጓ ላይ ጠመጠመችው፣ ሌላውን ጫፍ የራሷ ክንድ ላይ። ወንድም ጋሼን በቀረው እጇ ያዘችው።

«ምን እየተጫወትን ነው?» አለች ሚጡ።

«ፈረስ ፈረስ» አለች እማዬ። «እኔ ባለፈረሷ ነኝ። እናንተ ፈረሶች ናችሁ። ፈረስ ሌሊት አይንቀሳቀስም።»

ሳቅን። ሚጡ እንደ ፈረስ አሽካካች። መቀነቱን በሳብን ቁጥር እማዬም መልሳ ትስበናለች፤ እንደዚያ ስንሳሳብ እንቅልፍ ወሰደን። ለመጀመሪያ ጊዜ እማዬ ሥራዋን ትታ ሌሊቱን ሙሉ ከእኛ ጋር የተጫወተች መሰለኝ።

ጠዋት ስንነሳ የማድ ቤቱ ግድግዳ በወንዙ በኩል የለም። ምጣዱ ሁለት ቦታ ተከፍሏል። የታችኞቹ ጎረቤቶች አጥርና ሽንት ቤት ተወስዷል። ሰው አልተጎዳም፣ ተመስገን። እኛ ልጆቹ በተከፈተው ግድግዳ ወንዙን ቁጭ ብለን ማየት በመቻላችን ደስታችን ወሰን አጣ። የሰፈሩ ሰው እንጨትና ጭድ ይዞ መጣ፣ ጭቃ በእግር ተረገጠ፤ እኛም ልብሳችንን ሰብስበን አብረን ረገጥን። ጭቃ መርገጥ ያልተከለከለበት ብቸኛው ቀን! የላይኛው ቤት እትዬ የተሟሸ የድሮ ምጣዳቸውን በጀርባቸው አዝለው አመጡልን።

በዚህ መሐል ነው ከአንዱ ቤት ሬዲዮ የደራርቱ ዜና የወጣው። ማታ ባርሴሎና ላይ፣ በ10 ሺህ ሜትር፣ ወርቅ። ጥቁር አፍሪካዊት ሴት የኦሊምፒክ ወርቅ ስታገኝ የመጀመሪያዋ። ሰዉ ጭቃውን ጥሎ ተቃቀፈ። እኛ ሴቶቹ ወዲያው ደራርቱ ሆንን፤ ከእትዬ በር እስከ ወንዙ ጫፍ፣ በባዶ እግር። አንደኛ የወጣሁት እኔ ነኝ፣ ማንም ቢክድ። እማዬ እስከ ክርኗ ጭቃ ሆና ቆማ አጨበጨበችልኝ። የልጅነትሽን ምርጥ ቀን ንገሪ ብባል ይህን ነው የምናገረው። ለብዙ ሰው ተናግሬዋለሁም።

ሐምሌ 1998 መጨረሻ ላይ፣ እኔ ሥራ ይዤ፣ ቤተሰቡም ከቀበና ወጥቶ፣ ማታ ዜና እያየን ነበር። ድሬዳዋ ላይ ሌሊት ደቻቱ ሞልቶ ሰው በተኛበት ወስዷል። ከ200 በላይ ሰው ነው የሞተው። ቴሌቪዥኑ የተገለበጠ መኪና፣ የሚያለቅሱ እናቶች ያሳያል። እማዬ ከተቀመጠችበት ተነሳች። እጇ ወገቧ ላይ ነበር፣ መቀነቷ ላይ።

«እኔ እኮ ለዚህ ነበር ያሰርኳችሁ» አለች።

መጀመሪያ ምን እንደምትል አልገባኝም።

«ያኔ፣ ቀበና። ሦስት ልጅ ይዤ በዚያ ጨለማ ዳገቱን ብወጣ አንዳችሁ ታመልጡኛላችሁ ብዬ ፈራሁ። ውሃው ከወሰደም አንድ ላይ ይውሰደን አልኩ።»

«እማዬ፣ ምን ማለትሽ ነው?»

«አንድ የጠፋ ሰው ስፈልግ ነው የከረምኩት። ሌላ መፈለግ አልችልም ነበር።»

ስለ አባታችን ነው። ወታደር ነበር። በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን የሰፈራችን ወታደሮች በእግርም በመኪናም አንድ በአንድ መጡ። እሱ አልመጣም። ሞተ የሚል መርዶም አልመጣም፤ ስለዚህ አልተለቀሰለትም። ዓመቱን ሙሉ እማዬ ከሰሜን የመጣ ሰው አለ በተባለበት ሁሉ ፎቶውን ይዛ ትሄድ ነበር። ይህን አውቅ ነበር፤ ግን ከፈረሱ ጨዋታ ጋር አገናኝቼው አላውቅም። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነገሮችን በተለያየ ሣጥን ነው የምታስቀምጠው፤ ካደገች በኋላም ሣጥኑን ለመክፈት አትቸኩልም።

ያን ቀን ካወራችልኝ በኋላ የቀረውም አንድ በአንድ መፈታት ጀመረ። እማዬ የምታስተዳድረን እንጀራ ጋግራ አራት ኪሎ ላሉ ምግብ ቤቶች በማስረከብ ነበር። ቅጠሉ አልጋችን ሥር የሚቀመጠው እንዲሸተን አይደለም፤ ቤቱ ውስጥ የማያፈስበት ቦታ እሱ ብቻ ስለሆነ ነው። ቅጠሉ ከረጠበ እሳቱ አይነድም፣ እሳቱ ካልነደደ እንጀራው ዓይን አያወጣም፣ ዓይን ያላወጣ እንጀራ ደግሞ ይመለሳል። የተመለሰ እንጀራ ነበር በክረምት ጠዋት ጠዋት ፍርፍር የሚሆንልን። ፍርፍሩን እንዴት እንደምወደው! በቆሎውም ሌላ ራት በማይኖርበት ቀን የሚጠበስ ራት ነው። እኔ ግን ከራት በፊት የሚበላ ማባበያ አድርጌ ነበር የማስታውሰው፤ ከዚያ በኋላ ስለበላነው ራት ግን አንድም ትዝታ የለኝም። ይህን እንኳ ሳላስተውል ይህን ያህል ዓመት መቆየቴ አሁን አሁን ይገርመኛል።

ወንድም ጋሼ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው የሚኖረው። በዚያው ሰሞን ስልክ ደውዬ ጠየቅኩት።

«አውቃለሁ» አለኝ። «አልተኛሁም ነበር። እጄን ሌሊቱን ሙሉ አለቀቀችኝም፤ ጠዋት ጣቶቼ ደንዝዘው ነበር።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አንቺ እኮ በየዓመቱ ነሐሴ ሲመጣ ስለ ፈረስሽ ታወሪያለሽ። ምን ልበልሽ?»

እሱ ለልጆቹ ስለ ክረምት አያወራም። እዚያ ትምህርት የሚዘጋው በፀሐይ ነው፤ ልጆቹ የሚያውቁት መዋኛና አይስክሬም ነው። «ይሻላቸዋል» ይላል። ሲዘንብ ግን መኪናውን ዳር አቁሞ እስኪያባራ እንደሚጠብቅ ሚስቱ ነግራኛለች።

እንግዲህ የእኔ ደስታ ውሸት ነበር ልበል? ብዙ አስቤበታለሁ። ለተወሰነ ጊዜ ስለ ክረምት ማውራት አቁሜም ነበር፤ በእማዬ ጭንቀት ላይ ቆሜ የምጨፍር መሰለኝ። አንድ ቀን ግን ራሷ ጠየቀችኝ፤ «ምነው፣ የፈረሱን ወሬ ተውሽው?»

«አፈርኩ።»

«ምን ያሳፍራል? ያኔ መሳቃችሁን ስሰማ ነው እኔም ትንሽ የተነፈስኩት።» ከዚያ ትንሽ አሰበችና «ክረምትን ግን አልወደውም» አለች። እንደዚያ ብላ ስትናገር የመጀመሪያዋ ነው።

አሁን የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ነው፣ አራተኛ ፎቅ። ቆርቆሮው ሩቅ ነው፤ ዝናቡን የምናውቀው መስኮቱን ሲመታ ብቻ ነው። እንደዚያም ሆኖ ሐምሌና ነሐሴ ሌሊት ለውሃ ስነሳ እማዬን መስኮቱ ጋ ቆማ ወደ ታች ስታይ አገኛታለሁ። «አራተኛ ፎቅ ነን እኮ እማዬ» እላታለሁ። «አውቃለሁ» ትላለች። ግን አይታ ሳትጨርስ አትተኛም።

የቤት ሥራው ማታ፣ እኔ የፈረሱን ታሪክ ስጨርስ (ልጅ የሚሰማውን ያህል፣ ማለትም ጨዋታውን ብቻ) ልጄ ደብተሯን ዘግታ ወደ አያቷ ሄደች።

«እማማ፣ እኔንም እሰሪኝ።»

ደነገጥኩ። ልከለክላት አፌን ስከፍት እማዬ የምስሩን ሰፌድ ከጭኗ ላይ አውርዳ ነበር። መቀነቷን ቀስ ብላ ፈታች። ልጄን ወገቧ ላይ አንዴ ጠምጥማ ላላ አድርጋ ቋጠረችላት። ጫፉን ያዘችው፣ ጥቂት አየችው፣ ከዚያ መልሳ ለልጄ እጅ ሰጠቻት።

«ይኸውልሽ፣ ራስሽ ያዥው» አለች። «የእኔ ፈረስ ይሮጣል።»

ልጄ በሩን ከፍታ በኮሪደሩ እያሽካካች ሮጠች፣ መቀነቱ ከኋላዋ እየተጎተተ። ሦስተኛ ዙር ላይ የታችኛው ቤት ሰውዬ በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያቸውን አንኳኩ። እማዬ ሰፌዷን መልሳ አነሳች። «አንዴ ይድገሙ» አለች፣ «ገና ሁለት ዙር ይቀራታል።»