ቂሊንጦ ራሱን ሲያስተዳድር

ለአብዛኛው ሰው «ቂሊንጦ» ማለት ማረሚያ ቤት ነው። ዘመድ ደውሎ «የት ነህ?» ሲለኝ «ቂሊንጦ» ካልኩት ትንሽ ይደነግጣል። ለእኛ ለአቃቂ ሰዎች ግን ቂሊንጦ ሌላም ነገር ነው። አገሪቱ በተፈጥሮ ሳይንስ የተሻለ ያመጡ ልጆቿን ለብቻ ፈትና የምትሰበስብበት ግቢ እዚያው ነው፤ አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ። በ2003 ዓ.ም በደንብ ሲቋቋም አካባቢው የእርሻ ማሳ ነበር። ዛሬ የቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩና የአዳማው የፍጥነት መንገድ መነሻ ከበውታል።

ስለ «ራስ ገዝ» ብዙ ተብሏል፤ ክርክሩ ግን አንድ ቦታ ላይ ቆሟል፦ ተማሪ ይክፈል ወይስ አይክፈል? ጥያቄው ተገቢ ነው፣ ወደ እሱም እመጣለሁ። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከዚያ በፊት ያለው ነው። ዩኒቨርሲቲ ከመንግሥት እጅ ሲወጣ በማን እጅ ነው የሚገባው?

መጀመሪያ ለውጡን ለሚደግፉት ወገኖች ልመስክር፣ ምክንያት አላቸውና። የቂሊንጦው ዩኒቨርሲቲ በአጭር ዕድሜው ስንት አለቃ እንደቀያየረ ተመልከቱ። በትምህርት ሚኒስቴር ሥር ተወለደ፣ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር ተዛወረ፣ በ2011 ዓ.ም ሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ሲቋቋም ወደዚያ ሄደ፣ ያ መሥሪያ ቤት በ2014 ዓ.ም ሲፈርስ ተመልሶ ትምህርት ሚኒስቴር ገባ። አለቃ በተቀየረ ቁጥር ዕቅዱም፣ የሪፖርት ቅጹም፣ «ትኩረት የተሰጠው ጉዳይ»ም ይቀየራል። እንዲህ ሆኖ የአሥር ዓመት የምርምር ዕቅድ ማን ይዞ ይጨርሳል?

የበጀቱ ነገር ደግሞ ይብሳል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በጀት ሰኔ 30 ይዘጋል። ያልተነካ ገንዘብ ወደ ግምጃ ቤት ይመለሳል። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ በግዥ ሕግ ታስሮ የከረመ ገንዘብ ግንቦትና ሰኔ ላይ እግር ያወጣል። የላብራቶሪ መሣሪያ የውጭ ምንዛሪና ረጅም ጨረታ ይፈልጋል፤ ወንበርና ጠረጴዛ ግን በሁለት ሳምንት ይገባል። እኔ የተማርኩበት፣ ስሙን የማልጠራው የክልል ዩኒቨርሲቲ፣ አዳዲስ ወንበሮች ነበሩት። ጋዜጠኝነት ተምረን ካሜራ በእጃችን ሳንነካ ተመረቅን።

ይህን ላየ ሰው የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ ቁጥር 1294/2015 መልካም ዜና ነው። ገንዘብህን ራስህ አስተዳድር፣ ሠራተኛህን ራስህ ቅጠር፣ ተማሪህን ራስህ ምረጥ ይላል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ሆኖ ገብቶበታል፣ ሌሎቹም በየተራ እንደሚከተሉ ትምህርት ሚኒስቴር አሳውቋል።

ታሪካችን ግን ወደ ኋላ እንድመለከት ያስገድደኛል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በቻርተር ሲቋቋም በወረቀት ላይ የራሱ አስተዳደር የነበረው ተቋም ነበር። ቻንስለሩ ግን ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ነበሩ። በ1985 ዓ.ም ደግሞ ከ40 በላይ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስን ጨምሮ፣ በአንድ ጊዜ ከሥራ ተሰናበቱ። ያኔም ሴኔት ነበር፤ ሊያስቆመው አልቻለም። እስከ ቅርብ ጊዜ በሠራንበት ሥርዓትም ፕሬዚዳንት ይወዳደራል፣ ቦርድ ያቀርባል፣ የሚሾመው ግን ሚኒስቴሩ ነው፤ ቦርዱንም እንዲሁ። አዳማ አንድ ጊዜ ጀርመናዊ፣ ቀጥሎ ኮሪያዊ ፕሬዚዳንት መጥቶለት ነበር። ሰው ከየትም ይምጣ፣ ሿሚው ያው ከሆነ የሚፈራውም ያው ነው።

ስለዚህ «ራስ ገዝ» ሲባል «ራስ» የተባለው ማን እንደሆነ መጠየቅ አለብን። መምህራኑ ናቸው? ቦርዱ ነው? ወይስ ስልክ የሚደውለው ሰውዬ?

አቃቂ እዚህ ላይ ጥያቄ አላት። ይህች ከተማ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ጀምሮ ማሽን ሲጮህባት የኖረች ናት። የአቃቂ መሠረታዊ ብረታ ብረት ፋብሪካ መለዋወጫ የሚያመርተው እዚሁ ነው። ዩኒቨርሲቲው ሲቋቋም የተነገረው ዓላማ ከኢንዱስትሪ ጋር ተሳስሮ መሥራት ነው። ከቃሊቲ እስከ ገላን ከተደረደሩት ፋብሪካዎች የሚወዳደር ጎረቤት የትም አያገኝም። የአቃቂ ወንዝን የሚያቆሽሸው ፍሳሽ በዚሁ ሰፈር ያልፋል፤ ለኬሚካልና ለአካባቢ ምሕንድስና ተማሪ ከዚህ የቀረበ ላብራቶሪ የለም። እና ነገ ቦርዱ እንደ አዲስ ሲዋቀር ከእነዚህ ፋብሪካዎች አንድ ሰው፣ ከክፍለ ከተማው ነዋሪ አንድ ሰው ይቀመጥበታል? ወይስ እንደተለመደው ከየሚኒስቴሩ የተውጣጡ፣ ለስብሰባ በመኪና መጥተው የሚመለሱ ኃላፊዎች?

አሁን ወደ ክፍያው። ከጎረቤቴ ከእትዬ ጋር ቡና ስንጠጣ ልጃቸው 11ኛ ክፍል እንደሆነችና ኢንጂነሪንግ እንደምትፈልግ ነገሩኝ። ከዚያ «አንተ ጋዜጠኛ ነህ አይደል የኔ ልጅ፣ እሷ እስክትደርስ በገንዘብ ይሆናል የሚሉት እውነት ነው?» አሉኝ። የማውቀውን ነገርኳቸው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራሱ እየፈተነ ይቀበላል፤ መንግሥት የሚከፍልላቸውም፣ ራሳቸው የሚከፍሉም አሉ። እትዬ ሁለተኛውን ጥያቄ ወዲያው አመጡት፦ «መንግሥት የሚከፍልላቸው ስንት ናቸው? ማነው የሚመርጣቸው?»

ከአንድ ሰዓት የባለሙያዎች ውይይት የእትዬ ጥያቄ ይሻላል። በ2015 ዓ.ም የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት 845 ሺህ ገደማ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 27,267 ብቻ ናቸው፤ 3.2 በመቶ። ሁለት ዩኒቨርሲቲ ይዘን ወደ ዘጠናዎቹ የገባን ሰዎች ዛሬ ከ40 በላይ አሉን፣ ዶርሙና ካፌው የተሠራው ግን ለብዙ እጥፍ ተማሪ ነው። ባዶ አልጋ ያለው ግቢ ገቢ መፈለጉ አይቀርም። ገቢ ሲፈለግ ደግሞ ከፋዩ ተማሪ ከጎበዙ ተማሪ ቀድሞ እንዳይታይ የሚያግድ ግልጽ ቁጥር ያስፈልጋል።

የድሮው ሥርዓት ለድሃ ነፃ ነበር ማለቴ አይደለም። ወጪ መጋራት አለ። በወር ደመወዝ ያልተቀጠረ እንደኔ ዓይነቱ ሰው ቆራጭ አሠሪ ስለሌለው፣ ዕዳውን ራሱ ሄዶ ካልዘጋ ዋናው ዲግሪው አይሰጠውም። የእኔ እስካሁን ሬጅስትራር ውስጥ ነው፣ በጊዜያዊው እየሠራሁ ነው። ግን ያ ዕዳ በር ላይ አልቆመብኝም። ገብቼ ተምሬ ነው የመጣብኝ።

የቂሊንጦው ዩኒቨርሲቲ ተራ ከመድረሱ በፊት ሦስት ነገሮች በጽሑፍ ወጥተው ማየት እፈልጋለሁ፤ በየዓመቱ መንግሥት የሚከፍልላቸው ተማሪዎች ብዛትና የመምረጫው መስፈርት፣ የቦርድ አባላት ከየት ከየት እንደሚመጡና ማን እንደሚያነሳቸው፣ ተቋሙ በራሱ የሚያገኘው ገቢ በምን ላይ እንደዋለ የሚያሳይ፣ ማንም ሊያነበው የሚችል ዓመታዊ ሒሳብ። የእትዬ ልጅ ለመግቢያ ፈተና የሚቀራት ከሁለት ዓመት ያነሰ ጊዜ ነው።