ቤት ስንመርጥ፦ መኪና የማይነዳው ሰው የት ድረስ ይሄዳል?

ሲያትልና አካባቢዋ የሚኖር ሐበሻ ቤት ሊገዛ ሲነሳ የሚጠይቀው የታወቀ ነው፤ ስንት መኝታ አለው፣ ትምህርት ቤቱ እንዴት ነው፣ ከሥራ ቦታ በመኪና ስንት ደቂቃ ይፈጃል፣ በወር ስንት ይከፈላል። ከፍኖተ ሰላም፣ ከቡሬ ወይም ከጃቢ ጠህናን ገጠር ለመጣን ሰዎች ግን ከእነዚህ ሁሉ መቅደም ያለበት አንድ ጥያቄ አለ ብዬ አምናለሁ። በዚያ ቤት ከሚኖሩት መካከል መኪና የማይነዳው ሰው በእግሩ የት መድረስ ይችላል? ይህ ሰው ብዙ ጊዜ ልጅ እንድታሳድግልን ወይም እንድንጦራት ያመጣናት እናታችን ናት።

አገር ቤት ይህን ማንም አይጠይቅም፤ መልሱ ከቤቱ ጋር አብሮ ይገኛልና። ፍኖተ ሰላም ያለች ባልቴት ጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ ቤተ ክርስቲያን ትስማለች፣ ስትመለስ ለቅሶ ቤት ጎራ ትላለች፣ ገበያ ወርዳ ቡናና ጨው ትሸምታለች፣ ከሰዓት ጎረቤት ቡና ትጠራለች ወይም ጎረቤት ይጠራታል። ወሩ ሲደርስ ዕድሯን ትከፍላለች፣ ማኅበሯን ትጠጣለች። ለዚህ ሁሉ የልጇን የዕረፍት ቀን አትጠብቅም። ይህችው ሴት ኬንት ኮረብታው ላይ ካለ ባለአራት መኝታ ቤት ስትገባ ግን በር ከፍታ የምትሄድበት የላትም። ግራም ቀኝም መኖሪያ ቤት ብቻ ነው፤ ሱቁ ሌላ ቦታ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ሌላ ከተማ። ነገሩ የአጋጣሚ አይደለም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1926 ከተሞች መሬትን በአገልግሎት ለይተው መከለል እንደሚችሉ ካጸደቀ ወዲህ፣ ብዙው ሰበርብ መኖሪያውን ከሱቁ ለይቶ፣ ሁሉም ሰው መኪና አለው ብሎ የተሠራ ነው። የቤት አሻሻጩ ባቡር እንዳለ ይነግረናል፤ እውነቱን ነው፣ ኬንት የሳውንደር ባቡር ጣቢያ አላት። ነገር ግን ያ ባቡር በዋናነት በሥራ ቀን ጠዋትና ማታ ሠራተኛ የሚያመላልስ ነው። እሁድ፣ እናት ቅዳሴ በምትፈልግበት ቀን፣ መደበኛ ጉዞ የለውም።

ለዚህ ነው ያው ብር ካለን ቱክዊላ ወይም ሬይኒየር ቢች፣ ላይት ሬይሉ አጠገብ፣ ጠበብ ያለ ቤት ይሻላል የምለው። መስመሩ እ.ኤ.አ. በ2009 ከተከፈተ ጀምሮ እሁድንም ይሠራል፤ በሬይኒየር ሸለቆም የእኛ ሰው ምግብ ቤትና ሱቅ ከድሮ ጀምሮ አለ። ትምህርት ቤቱስ? የሚል ተቃውሞ ይነሳል፤ ተገቢም ነው። ልጅ ያለው ሰው ስለ ትምህርት ቤት ቢጨነቅ ሊወቀስ አይገባም። ነገር ግን ልጁም እስከ 16 ዓመቱ ድረስ ብቻውን አይነዳም። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በአካባቢው አውቶቡስና ባቡር እስከ 18 ዓመት ያሉ ልጆች በነፃ ስለሚሳፈሩ፣ ጣቢያ አጠገብ ያደገ ልጅ ቤተ መጻሕፍትም ኳስ ሜዳም ራሱን ችሎ ይደርሳል። ዋጋው የሚለው ተቃውሞ ይከብዳል። ጣቢያ አጠገብ ያለው በካሬ ሲሰላ ይወደዳል፤ ወደ ኬንትና ሬንተን የሄደው ብዙ ሰውም ኪራይ ገፍቶት እንጂ መርጦ አይደለም፤ በእሱ ላይ ፍርድ የለኝም። አቅም ኖሮት የሚያማርጠው ግን የሁለተኛውን መኪና ክፍያ፣ ኢንሹራንስና ቤንዚን ከሞርጌጁ ጋር ደምሮ ያስላ። ልዩነቱ እንደሚመስለው ሰፊ አይሆንም።

የሚያሳዝነኝ ይህንኑ አመራረጥ ወደ አገር ቤት መላካችን ነው። ለወላጅ ቤት መሥራት ትልቅ ምርቃት የሚያስገኝ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ቦታውን የምንመርጠው በካሬ ስፋትና በአስፋልት ዳርነት ነው። ቡሬ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ከተመረቀበት ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ዳር ዳሩን ያለው መሬት ነገ ዋጋ ያወጣል የሚለው ስሌት የብዙዎቻችንን ልብ ስቧል። ለንግድ ከሆነ ስሌቱ ትክክል ሊሆን ይችላል። እናትን ከኖረችበት ጎጥ አንስቶ ጎረቤት ገና ወዳልገባበት ዳር ማስገባት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ የአማራ ክልል ጦርነት ውስጥ ገብቶ ኢንተርኔት ሲቋረጥና መንገድ ሲዘጋ፣ ወላጅ በልታ ማደሯን አይቶ የሚያውቀው ከአጥሩ ማዶ ያለው ሰው ብቻ ነበር። ይህን ዶላር አይተካውም።

ስለዚህ ገንዘቡ ከመላኩ በፊት መሃንዲሱን ሳይሆን እናትን ደውለን እንጠይቅ። ከአዲሱ ቦታ ቤተ ክርስቲያኗ በእግር ስንት ሰዓት ነው? የቀድሞው ዕድሯ እዚያ ድረስ ይመጣል ወይ? ካልመጣስ አዲሱ ዕድር የሚጠይቀው መግቢያ ስንት ነው? መግቢያው ብዙ ጊዜ ከቆርቆሮውና ከሲሚንቶው ሒሳብ ውስጥ ስለማይገባ፣ ቤቱ ሲመረቅ ከዕድር ውጭ የሆነች እናት ትገባበታለች።