«ገባችሁ?» «አዎ ቲቸር!»

አገራችን ውስጥ ትምህርት ቤት የገባ ሰው ሁሉ ይህን ቅብብል ያውቀዋል። መምህሩ «ገባችሁ?» ይላል፣ ስልሳ ልጅ ባንድ ድምፅ «አዎ» ይላል፣ ሰሌዳው ይጠፋል፣ ሌላ ርዕስ ይጻፋል። ተማሪ ሳለሁ ከስልሳው አንዱ ነበርኩ። መምህር ከሆንኩ በኋላም ያንን «አዎ» እየሰማሁ፣ አስተማርኩ ብዬ ቤቴ የገባሁባቸው ዓመታት ብዙ ናቸው።

ይህን ያስጻፈኝ ቡራዩ ውስጥ ያየሁት አንድ ክፍለ ጊዜ ነው። ባልደረባዬ ጋብዞኝ ከኋላ ዴስክ ላይ ተቀምጫለሁ። ሰባተኛ ክፍል፣ ሳይንስ፣ የውሃ ዑደት። ትነቱ፣ ደመናው፣ ዝናቡ በሦስት ቀለም ጠመኔ ተሥሏል፤ ያምራል። ልጆቹ አቀርቅረው ይገለብጣሉ። መስኮቱ ሥር የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ የገፈርሳ ግድብ እዚሁ አጠገባችን ነው። እኛ ቤት ግን ውሃ በሳምንት አንዴ ነው የሚመጣው። ለምንድን ነው?»

ባልደረባዬ ሰዓቱን አየ። «እሱ ከዛሬው ትምህርት ጋር አይገናኝም፤ ተቀመጪ» አላት። ተቀመጠች። ደወል እስኪደወል ሌላ እጅ አልወጣም።

እሱን ለመውቀስ አይደለም የምጽፈው። ልጆቹን የሚወድ፣ ተዘጋጅቶ የሚገባ መምህር ነው። ያለው 40 ደቂቃ ነው፤ መጽሐፉ ሳያልቅ ሴሚስተሩ ካለቀ ተጠያቂው እሱ ነው። ማታ ሻይ ቤት ስንቀመጥ ግን ሌላ ነገር ነገረኝ። ስኳሩን ሲያማስል ቆየና «መልሱን እኮ አላውቀውም» አለኝ። «ልጆች ፊት አላውቅም ልበል?»

የነገሩ ሥር እዚህ ላይ ያለ ይመስለኛል። ይህ ሰው ከአንደኛ ክፍል እስከ ኮሌጅ ሲማር፣ የሚያከብረው መምህር «አላውቅም፤ እስቲ አብረን እንፈልግ» ሲል ሰምቶ አያውቅም። ያልተደረገለትን ለሌላው እንዲያደርግ ነው የምንጠብቀው።

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ችግር ፈቺ ዜጋ አፈራለሁ ብሎ ተነሣ። በ1990ዎቹ አጋማሽ የመምህራን ሥልጠናው እንደ አዲስ ሲዋቀር «ተማሪ ተኮር» የሚለው ቃል በየኮሌጁ ገባ። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ ዛሬም ትክክል ነው። እኛ መምህራን ይህን የተማርነው ግን አዳራሽ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠን ገለጻ እየሰማን ነው። ማስታወሻ ያዝን፣ ተፈተንን፣ አለፍን። ክፍል ስንገባ በልጅነታችን እንዳየነው አስተማርን። ተማሪ ተኮር ማለት ዴስክ ማዞር ሆነ። አንድ ለአምስት የሚባለው የተማሪዎች ቡድን ሲመጣም ብዙ ቦታ አንዷ ጎበዝ ትጽፍ፣ የቀሩት ስማቸውን ያስጽፉ ነበር። ለተከታታይ ሙያ ማሻሻያ የተመደበው በዓመት 60 ሰዓትም በአብዛኛው ፋይል ማደራጃ ሆኖ ቀርቷል።

በፕላዝማ ቴሌቪዥን የሚሰጠው ትምህርት የደረሰባችሁ ደግሞ ይህን ታስታውሳላችሁ። ስክሪኑ ላይ ያለው አስተማሪ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቃል፣ መልሱን ራሱ ይናገራል። ልጁ ጥያቄውን በእንግሊዝኛ ተረድቶ ሳይጨርስ መልሱ አልፎታል። የክፍሉ መምህር ጥግ ቆሞ ያያል።

ሜሪ ባድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ ከሃምሳ ዓመት በፊት ክፍል ውስጥ የተቀዱ ድምፆችን እያዳመጠች ሰዓት ያዘች። መምህራን ከጠየቁ በኋላ የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሰከንድ ገደማ ሆኖ አገኘችው። ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ እንዲጠብቁ ሲሠለጥኑ የልጆቹ መልስ ረዘመ፣ ዝምተኞቹ አፋቸውን ፈቱ፣ ልጆቹ ራሳቸው መጠየቅ ጀመሩ። ይህ ለውጥ በጀት አይፈልግም፤ ልምምድ ነው የሚፈልገው።

«መጠየቅ ባህላችን አይደለም» የሚለውን አባባል አልቀበልም። ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ የሌላ ሰው ቅኔ ይዞ የኔታ ፊት አይቆምም፤ የራሱን አዲስ ቅኔ ቆጥሮ ይቀርባል፣ ይታረማል፣ ነገም ሌላ ይዞ ይመጣል። አንድምታ አንዱን ቃል «አንድም» እያለ በየመልኩ ይፈታል። በበላ ልበልሃ ሙግት አያቶቻችን አደባባይ ቆመው ተከራክረዋል። ገዳ ሥር ሰው ሐሳቡን የሚያቀርበው በጉባኤ ፊት ነው። ይህን ሁሉ ትተን ዘመናዊ ትምህርት ቤት ስንገባ የያዝነው ግልበጣውን ነው።

የቋንቋው ችግርም አለ። በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ብዙው ልጅ እስከ ስምንተኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ይማራል፣ ገበያ ላይ አማርኛ ይናገራል። ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ አብዛኛው ትምህርት በአንድ ጊዜ በእንግሊዝኛ ይሆንበታል። ስምንተኛ ላይ «ማሊፍ?» (ለምን?) ብሎ ይጠይቅ የነበረ ልጅ ዘጠነኛ ላይ ድምፁ ይጠፋል። አሠልጣኞች ለመምህሩ ከሁሉ በፊት ሊነግሩት የሚገባ ነገር ቢኖር፣ ልጁ በሚችለው ቋንቋ ይጠይቅ፣ መልሱን በእንግሊዝኛ አብረን እናዘጋጀው የሚለውን ነው። ቋንቋ የከበደው ልጅ ሐሳብ የሌለው ተደርጎ መቆጠሩ ያመኛል።

የ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መሰጠት ከጀመረ በኋላ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ነበሩ። ሰው ሁሉ ስለ ኩረጃ አወራ። እኔ ያሰብኩት ስለዚያ «አዎ ቲቸር» ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ገብቶናል ሲሉን አምነናቸዋል።

ሰበታ መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤትን ሳስብ አንድ ነገር ይታየኛል። ዓይነ ስውር ልጅን «ሰሌዳው ላይ ያለውን ቅዳ» ማለት አይቻልም። መምህሩ የግድ ይጠይቃል፣ የግድ ያዳምጣል፣ ልጁ ነገሩን በአእምሮው እንዴት እንደሣለው ከአንደበቱ ይሰማል። የሁላችንም ሥልጠና ከዚህ ቢነሣ ደስ ይለኛል።

ሱሉልታ ውስጥ ከጥቂት ባልደረቦች ጋር አንድ ነገር ሞክረናል። አንዳችን ስናስተምር ሌላው ከኋላ ተቀምጦ ሁለት ነገር ብቻ ይጽፋል፦ ከጥያቄ በኋላ ስንት ሰከንድ እንደተጠበቀ፣ ልጆቹ ስንት ጥያቄ እንደጠየቁ። የመጀመሪያ ቀን የእኔ ወረቀት ላይ የልጆቹ ጥያቄ ዜሮ ነበር። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው ያየሁት። በሦስተኛው ሳምንት አራት ሆነ፤ ከአራቱ አንዱን መመለስ አልቻልኩም። «አላውቅም፤ እስከ ዓርብ ሁላችንም እንፈልግ» አልኳቸው። ዓርብ ዕለት ሦስት ልጆች መልስ ይዘው መጡ፤ የአንዱ ከእኔ ይሻል ነበር።

የቡራዩ ባልደረባዬም ወደዚያች ልጅ ጥያቄ ተመልሷል። ተማሪዎቹ በየቤታቸው ውሃ የሚመጣበትን ቀን መዝግበው፣ ጎረቤት ጠይቀው፣ ከውሃ ዑደቱ ሥዕል ሥር የገፈርሳን መስመር ጨመሩበት።

በእነዚህ አካባቢዎች የምታስተምሩ ወዳጆቼ፣ በዚህ ሳምንት አንድ ባልደረባችሁን ከኋላ አስቀምጡና ሰከንዱን ይቁጠርላችሁ። «ገባችሁ?» የምትለዋን ለአንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ተዉአትና «ያልገባችሁን ንገሩኝ» በሏቸው። ከዚያ ዝም ብላችሁ ጠብቁ። የሆነውን እዚህ ጻፉልኝ፤ አንድ በአንድ አነባለሁ።