በረዶ በሌለበት አገር ስኪ

እኛ የጭልሞ አካባቢ ልጆች በረዶን የምናውቀው ከዝናብ ጋር ወርዶ ቆርቆሯችንን ሲደበድበው ነው። በላዩ ተንሸራትቶ የሚወዳደር ኢትዮጵያዊ አለ ቢሉን ማን ያምናል? ሮቤል ተክለማርያም ግን በ1998 ዓ.ም. በጣልያን አገር በቶሪኖ የክረምት ኦሊምፒክ፣ በ15 ኪሎ ሜትር ክላሲክ ስኪ ተወዳደረ። በክረምት ኦሊምፒክ ለአገራችን የመጀመሪያው እሱ ነው።

ክላሲክ ማለት በመኪና በተደለደለ በረዶ ላይ፣ በተሰመሩ ሁለት ቦዮች ውስጥ እግርን እያፈራረቁ መግፋት ነው። ቦዩ ቀጥ ቢልም በረዶው ይለዋወጣል፤ ጠዋት ደረቅ የነበረው ቀትር ላይ ይረጥባል፣ ማታ ይጠጥራል። ስለዚህ ከስኪው መሐል ሥር ሰም ይቀባል፤ ለደረቁ ጠንካራ፣ ቀልጦ ለጠጠረው እንደ ሙጫ የሚጣበቅ። ሰሙ ካልተስማማ እግር ወደ ኋላ ይከዳል፤ ወይም በረዶው ተለጥፎ አላስኬድ ይላል።

ታዲያ ሮቤል አዲስ አበባ ሲለማመድ በረዶ ከየት ይምጣ? ጎማ በተገጠመለት ስኪ አስፋልቱ ላይ ሠራ።

እኛም ነገ ቤተ ሙከራ ወደሌለበት ትምህርት ቤት እንመደብ ይሆናል። የሥርዓተ ትምህርቱ ቦይ አንድ ነው፤ ተማሪው ግን ይለያያል። እንግዲህ ሰሙን ከመምረጣችን በፊት በረዶውን እንይ። መሣሪያው ከጠፋም ጎማ እንፈልግለት!