የ«ቺልድረን» ሁለት ካባ

የእንግሊዝኛን ሰዋስው ለመማር የተቀመጠ ሰው፣ ስም ሁሉ በመድረሻው «ስ»ን ሲጨምር ይበዛል ተብሎ ደስ ከተሰኘ በኋላ፣ እግር «ፉት» ተብሎ ሲበዛ «ፊት»፣ ዝይም «ጉስ» ተብሎ ሲበዛ «ጊስ» መሆኑን፣ በግ ግን አንድም ቢሆን አእላፍ ያው «ሺፕ» እንደሆነ ሲሰማ፣ ቋንቋውን ያቀኑት ሰዎች ምን ነክቷቸው ነው ማለቱ አይቀርም። (እግር በዝቶ ፊት መሆኑማ ለእኛ ጆሮ የባሰ እንቆቅልሽ ነው።) እኔን ግን ከሁሉ ይልቅ የሚደንቀኝ «ቻይልድ» የተባለው ሕፃን ሲበዛ «ቺልድረን» መባሉ ነውና፣ የእርሱን የትውልድ ሐረግ ልቍጠር።

ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ድል ከመንሣታቸው በፊት ይነገር የነበረው ጥንታዊ እንግሊዝኛ፣ ስሞቹ እንደ ሙያቸው መድረሻቸውን የሚለዋውጡ፣ ተባዕት፣ አንስትና ግዑዝ የሚባል ሦስት ጾታ የነበረው ቋንቋ ነበር፤ ፀሐይ አንስት፣ ጨረቃ ተባዕት ሲሆኑ፣ ሴት ራሷ «ዊፍ» ተብላ ከግዑዛን ጋር ትቈጠር ነበር፤ ምን ብላ እንደ ታገሠችው እግዜር ይወቅ። በዚያ ዘመን ሕፃን «ቺልድ»፣ ሲበዛ «ቺልድሩ» ነበር፤ ዕንቍላልም «ኤይ» ተብሎ በዚያው ሥርዐት «ኤይሩ» ይሆን ነበር። ዘመን ሲረዝም መድረሻው እየሟሸሸ «ሩ» የብዛት ምልክት መሆኑ ከሕዝቡ ልብ ስለ ጠፋ፣ በበሬው «ኦክስን» ላይ የምናገኘውን «ን» ደረቡበትና፣ አስቀድሞ የበዛውን ቃል ዳግመኛ አብዝተው «ቺልድረን»፣ «ኤይረን» አሉት።

በዚህ ለመሳቅ የሚቸኩል ያገሬ ሰው ግን ቀስ ይበል። ግዕዝ ሕፃንን «ሕፃናት»፣ መጽሐፍን «መጻሕፍት» ብሎ አብዝቶ ቢያስረክበን፣ የእኛ ገበያ በላዩ «ኦች»ን ጭኖ «ሕፃናቶች»፣ «መጻሕፍቶች» ይል የለምን?

ወደ ዕንቍላሉ ወደ «ኤይረን» እንመለስ። ማተሚያን በ1476 ወደ እንግሊዝ አገር ያስገባው ዊልያም ካክስተን፣ በ1490 ባሳተመው መጽሐፍ መቅድም እንደ ተረከው፣ ወደ ዜላንድ ሲሄዱ ነፋስ ያጡ ነጋድያን በቴምዝ ወንዝ አፍ ከየብስ ወርደው፣ ከእነርሱ አንዱ ከአንዲት ባለቤት ዘንድ ዕንቍላልን ከስካንዲናቪያ ሰዎች በተወረሰው ስም «ኤግስ» ብሎ ቢለምናት፣ እርሷ ፈረንሳይኛ አላውቅም ብላ መለሰችለት። እርሱም ፈረንሳይኛ የማያውቅ ነበርና ተቈጣ፤ በመጨረሻ ሌላው «ኤይረን» ሲላት ነው ገና የገባት።

ያም «ኤይረን» ሁለት ካባውን እንደ ደረበ ሞተና «ኤግስ» ወረሰው። «ቺልድረን» ግን እስከ ዛሬ በችሎትም በቤተ ክርስቲያንም ማንም ሳይገሥጸው ይኖራልና፣ «ሕፃናቶች» ያለውን ተማሪ ለመቅጣት አርጩሜ ያነሣህ መምህር ሆይ፣ እባክህ እጅህን ጥቂት አቈየው።