አይጧ ያልነገረችን

ትንሽ ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ጊዜ ስታገኙ አንብቡት።

ባለፈው ሳምንት አሥረኛ ክፍሎችን ስለ ሰው ልጅ መራባት እያስተማርኩ ነበር። እንግዴ ልጅ ጋ ስደርስ እንደ ሁልጊዜው ሰሌዳው ላይ አንድ ክብ ነገር ስዬ «ምግብና ኦክስጅን ከእናት ወደ ጽንስ ያስተላልፋል» ብዬ ልሻገር ስል አንዷ ከኋላ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ መድኃኒት መጀመሪያ የሚሞከረው በአይጥ ነው ብለውን ነበር። የአይጥ እንግዴ ልጅ እንደኛ ነው እንዴ?»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እኔ ግን አልሳቅሁም። «ነገ እመልስልሻለሁ» አልኳት። መልሱን ስለማላውቅ አልነበረም። እንዴት እንዳወቅኩት ትዝ ስላለኝ ነው።

የዛሬ ሦስት ዓመት ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን ፀንሳ ሰባተኛ ወሯን እንደያዘች ራሷን ያማት ጀመር። እግሯ አብጧል። «እርጉዝ ሴት ታብጣለች» አሉን። እኔም የባዮሎጂ አስተማሪ ተብዬው «ድካም ነው፣ ትንሽ ተኚ» አልኳት። በሦስተኛው ቀን ዓይኗ ብዥ ሲልባት ወደ ሆስፒታል ሮጥን። ግፊቷ 170 በ110 ነበር። ሐኪሞቹ እሷን ለማትረፍ ልጁ ያለጊዜው እንዲወለድ ማድረግ ነበረባቸው። እሷ ተረፈች። ልጃችን ሁለት ቀን ቆይቶ ሄደ።

ሊያጽናናን የመጣው ሁሉ የየራሱ ምክንያት ነበረው። ጨው አብዝታ ነው፣ ተናዳ ነው፣ ዕቃ ተሸክማ ነው። በክፋት አይደለም። እሷ ግን እያንዳንዷን ቃል ይዛ ቀረች። ሌሊት ትነሳና «ምን አድርጌ ነው?» ትለኛለች። መልስ ስላልነበረኝ ማንበብ ጀመርኩ።

ያነበብኩት ይኸው። በአይጥም በሰውም የእናት ደም የእንግዴ ልጁን ሕዋሳት በቀጥታ ይነካል። ላም ጋ ለምሳሌ እንዲህ አይደለም። አይጥ ደግሞ በ20 ቀን ገደማ ትወልዳለች፣ ጂኗንም መለወጥ ይቻላል። ስለዚህ ብዙ ተምረንባታል። እ.ኤ.አ. በ2018 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት፣ ጂናቸው ተለውጦ ጽንሳቸው ከመወለዱ በፊት የሚሞትባቸውን ከ100 በላይ የአይጥ ዓይነቶች መርምሮ፣ ከሦስቱ በሁለቱ ያህል እንግዴ ልጁም ችግር እንዳለበት አሳይቷል።

ልዩነቱ ግን ቀላል አይደለም። የሰው እንግዴ ልጅ ውስጡ እንደ ዛፍ ነው፤ ቅርንጫፎቹ በእናት ደም ውስጥ ተነክረው ይኖራሉ። የአይጧ እርስ በርሱ የተጠላለፈ የጠባብ መተላለፊያዎች መረብ ነው።

ትልቁ ልዩነት ሥር አሰዳደዱ ላይ ነው። በሰው፣ የእንግዴ ልጁ ሕዋሳት የማህፀንን ሽፋን አልፈው እስከ ጡንቻው ድረስ ይገባሉ። እዚያ ያሉትን ጥምዝምዝ ደም ሥሮች ያሰፏቸዋል፤ ደሙም ረጋ ብሎ በብዛት ይፈሳል። አይጥ ጋ ሕዋሳቱ ያን ያህል ጠልቀው አይገቡም። በሰው ይህ ሥራ ሳይሟላ ሲቀር እንግዴ ልጁ ደም ያጥረዋል። ከዚያም ወደ እናቲቱ ደም የሚለቃቸው ነገሮች የደም ሥሮቿን ያውካሉ፤ ግፊቷ ይነሳል፣ ኩላሊቷ፣ ጉበቷ፣ አንጎሏ ሳይቀር ይጎዳል። ፕሪኤክላምፕሲያ የሚባለው በሽታ፣ በተለይ ቀድሞ የሚጀምረው ዓይነት፣ ሥሩ እዚህ ጋ ነው።

አይጥ ደግሞ በተፈጥሮዋ ይህ በሽታ አይዛትም። ተመራማሪዎች ራሳቸው ያስነሱባታል እንጂ። የአይጥ እንግዴ ልጅ ግንደ ሕዋስ በላብራቶሪ ማሳደግ የተቻለው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። የሰው በ2018። በመሃል 20 ዓመት አለ። የሚስቴን ሕመም አይጧ አትነግረንም ነበር፤ እሷ ጋ የለማ!

አንድ ማታ ይህን ሁሉ ለባለቤቴ ነገርኳት። «ነገሩ የተበላሸው ገና በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው፣ አንቺ ምንም ሳይታወቅሽ። ጨው አይደለም። ንዴትም አይደለም» አልኳት። ዝም ብላ ቆየችና «አንተስ ታዲያ ለምን ድካም ነው አልከኝ?» አለችኝ። ለዚህኛው መጽሐፍ ላይ መልስ የለም። «አላወቅኩም ነበር» አልኳት። እጄን ያዘችኝ። ከዚያ ወዲህ «ምን አድርጌ ነው?» ብላኝ አታውቅም።

እኛ አገር እንግዴ ልጅን በወግ እንቀብራለን፤ ግን አብረን እንረሳዋለን። እኔም ለዓመታት ክብ ነገር ስዬ ነው ያለፍኩት። በማግስቱ ግን ሰሌዳው ላይ በአንድ በኩል ዛፍ፣ በሌላው መረብ ሳልኩ። ከሥሩ ይህን ጻፍኩ፦ «ከአምስተኛው ወር በኋላ የማይለቅ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ በቀኝ ከጎድን ሥር ሕመም፣ የፊትና የእጅ እብጠት ካለ፣ ሳይውል ሳያድር ጤና ተቋም ሄዶ ግፊትን መለካት።»

«ቲቸር፣ ፈተና ላይ ይመጣል?» አለኝ አንዱ።

«አይመጣም» አልኩት። «ግን ጻፈው።»

እናንተም እርጉዝ እህት፣ ሚስት ወይም ጎረቤት ካለቻችሁ ንገሩልኝ። ልጇን ያጣች ካለች ደግሞ ጨው ነው አትበሏት።